ኅዳር ሲገባ ፏፏቴዋ የሚቆም ከተማ

አሜሪካ የሚኖር ወንድም ወይም እህት ለመጠየቅ ቪዛ ያገኘ ሰው ጉዞው ምን እንደሚመስል ይታወቃል። ዋሽንግተን ዲሲ ያርፋል፤ ዋይት ሐውስን በአጥሩ በኩል ፎቶ ያነሳል፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ዘመዶች በየተራ ይጋብዙታል፤ ቀን ከተረፈው ኒው ዮርክ ደርሶ ይመለሳል። እዚያው ሃያ ዓመት የኖሩት ወገኖቻችንም ቢሆኑ መኪናቸውን ወደ ምዕራብ እምብዛም አያዞሩም። በዚህ ወር የምንወስድዎት ግን ወደ ምዕራብ ነው። ሁለት ሌሊትና ሁለት ታንክ ቤንዚን ይበቃዎታል።

የምንሄደው ሀንቲንግተን ወደምትባል የዌስት ቨርጂኒያ ከተማ ነው። ዲዝኒላንድ የላትም፤ ሰው ተሰልፎ ፎቶ የሚነሳበት ሐውልትም የላትም። ያላት አንድ ፏፏቴ፣ ኮረብታ ላይ ያለ አንድ መካነ መቃብር፣ እንዲሁም አሥር ጊዜ ተጫውቶ ስምንቱን የተሸነፈ የኮሌጅ ቡድን ትዝታ ነው። ከተማዋ ያንን የሽንፈት ዓመት ዋንጫ ከበላችባቸው ዓመታት አስበልጣ ታስታውሰዋለች። ታሪኩን ሳያውቁ ቢሄዱ ግን ፏፏቴውን ፎቶ አንስተው ያልፉታል፤ ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት እንጫወት።

ከዲሲ በኢንተርስቴት 66 ወጥተው፣ በ81 ወደ ደቡብ ታጥፈው፣ ከዚያ 64ን ይዘው ወደ ምዕራብ ይነዳሉ። ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጃል። የቨርጂኒያ ሸለቆ ሲያልቅ ተራራው ይጀምራል፤ ዌስት ቨርጂኒያ ራሷን «የተራራ ግዛት» ብላ የምትጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። መንገዱ በደን መሃል ይጠማዘዛል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ጆሮ ድፍን ማለቱን ያውቀዋል። በጥቅምት ወር ከሄዱ ደኑ በሙሉ ቢጫና ቀይ ይሆናል፤ ልጆች ከስልካቸው ቀና የሚሉበት ብቸኛው መንገድ ይህ ሳይሆን አይቀርም። የግዛቲቱ ዋና ከተማ ቻርልስተን ስትደርሱ የምክር ቤቱ ወርቃማ ጉልላት ከመንገዱ ይታያል። ከዚያ ሀንቲንግተን አንድ ሰዓት ያህል ይቀራታል።

መንዳት ያልፈለገ ባቡር አለለት። «ካርዲናል» የሚባለው የአምትራክ ባቡር ከዲሲ ዩኒየን ስቴሽን በሳምንት ሦስት ቀን ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ይጓዛል፤ ፈጣን ነው ብለን አንዋሽዎትም። ነገር ግን ኒው ሪቨር በተባለው ወንዝ ገደል ውስጥ፣ ውሃውን ተጠግቶ የሚሄድበት ክፍል አለ፤ እሱን ከመስኮት ማየት የሰዓቱን ርዝመት ያስረሳል።

ሀንቲንግተን ራሷ የባቡር ልጅ ናት። በ1871 ኮሊስ ሀንቲንግተን የተባለ የባቡር ኩባንያ ባለቤት የሐዲዱ ማብቂያ እንድትሆን ቆረቆራት፤ ስሙንም ሰጣት። ከተማዋ በኦሃዮ ወንዝ ዳር የተዘረጋች ናት፤ ወንዙን ሲሻገሩ ሌላ ግዛት ይገባሉ፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ሲነዱ ደግሞ ሌላ፣ ኬንታኪ። በ1937 ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ ረጅም የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ፤ ዛሬም መሃል ከተማውን ከወንዙ ለይቶ ቆሟል። በ1970 የነዋሪዋ ቁጥር 74 ሺህ ነበር፤ በ2020 ቆጠራ 47 ሺህ አልሞላም። ፋብሪካ ሲዘጋ ልጆች ይሄዳሉ፤ ነገሩ ለእኛም አዲስ አይደለም። የቀረውን ሕዝብ የሚያሰባስበው ትልቁ ነገር በ1837 የተመሠረተው ማርሻል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ ደግሞ ፉትቦል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተካክል። ፉትቦል ስንል የእኛን እግር ኳስ አይደለም። እንቁላል መሳይ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን፣ ራስ ቁር አጥልቀው የሚላተሙበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሷን ይዞ የተጋጣሚው ሜዳ መጨረሻ የደረሰ ስድስት ነጥብ ያገኛል፤ ይህ ተችዳውን ይባላል። ከርቀት ኳሷን ለግቶ በሁለት ቋሚዎች መሃል ያሳለፈ ሦስት። ለዛሬው ጨዋታችን ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል። ሌላው ማወቅ ያለብዎት ነገር እንዲህ ባለ ትንሽ ከተማ የኮሌጅ ቡድን ማለት ምን እንደሆነ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ በትልቁ ሊግ የሚጫወት የፕሮፌሽናል ቡድን የላትም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሐኪሙም፣ ባለ ሱቁም፣ የባቡር ሠራተኛውም አረንጓዴና ነጭ ለብሶ የሚጮኸው ለእነዚያ የሃያ ዓመት ተማሪዎች ነው። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ ቀን አዲስ አበባ ምን እንደምትመስል ያስቡና፣ ሁለቱንም ደጋፊ አንድ ወገን ያድርጉት።

የቡድኑ ቅጽል ስም «እንደ ነጎድጓድ የሚያስገመግመው መንጋ» ነው፤ ምልክቱ የአሜሪካ ጎሽ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን መንጋው አላስገመገመም። ከ1966 እስከ 1969 ባለው ጊዜ 27 ጨዋታ ያለ አንድ ድል አሳልፏል። በዚያ ላይ ተጫዋች አመልምሎ ሲያስመጣ ደንብ ጥሷል ተብሎ በ1969 ከነበረበት ውድድር ተባረረ። በ1970 ቡድኑን የያዘው ሪክ ቶሊ ገና የ30 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ከተጫዋቾቹ መሃል ከአላባማዋ ተስካሉሳ የመጡ ጥቁር ወጣቶች ነበሩበት። ተስካሉሳ የታዋቂው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ያ ዩኒቨርሲቲ ግን በዚያን ጊዜ ጥቁር ተጫዋች በዋናው ቡድኑ አሰልፎ አያውቅም ነበር። በሰፈራቸው ያለው ትልቅ ስታዲየም ለእነሱ ዝግ ስለነበር ነው እነዚያ ልጆች ያን ሁሉ መንገድ ወደ ሰሜን የተጓዙት።

ቅዳሜ ኖቬምበር 14 ቀን 1970፣ በእኛ ኅዳር 5 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ማርሻል ሰሜን ካሮላይና ወርዶ ከኢስት ካሮላይና ጋር ተጫወተ። 17 ለ14 ተሸነፈ። በዚያ ዓመት ስድስተኛ ሽንፈቱ ነበር፤ ያሸነፈው ሦስት ነው። ቡድኑ በዚያ የውድድር ዘመን በአውሮፕላን የሄደው ለዚህ ጨዋታ ብቻ ነበር። ለጉዞው የተከራዩት ዲሲ 9 አውሮፕላን ትርፍ ወንበር ስለነበረው፣ ቡድኑን በገንዘብ የሚደግፉ የከተማዋ ሰዎች፣ አንዳንዶቹም ባልና ሚስት ሆነው፣ አብረው ሄዱ። ማታ ሲመለሱ የሀንቲንግተን አካባቢ ዝናብና ጭጋግ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ኮረብታ ተደልድሎ የተሠራ ነው፤ አብራሪው ቁልቁል የሚወርድበትን ማዕዘን የሚነግረው መሣሪያ በጊዜው አልተተከለለትም ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ሊደርስ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀረው ከኮረብታ ዛፎች ጋር ተጋጨ። 75 ሰው ነበር፤ አንድም አልተረፈም።

መርማሪዎቹ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ሳይታይ ከተፈቀደው ከፍታ በታች መውረዱን ደረሱበት። ለምን ወረደ ለሚለው ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም፤ ወይ የመሣሪያዎቹ ንባብ በትክክል አልተሠራበትም፣ ወይ ከፍታ መለኪያው ራሱ ተሳስቷል ብለው ሁለት አማራጭ አስቀምጠው አለፉ።

ከሟቾቹ 37ቱ ተጫዋቾች ናቸው። ዋናው አሰልጣኝና ረዳቶቹ፣ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጨዋታውን በሬዲዮ ያስተላልፍ የነበረው ጋዜጠኛ አብረው ሞቱ። 25ቱ ደጋፊዎች ናቸው፤ ከእነሱ መሃል አራት ሐኪሞች፣ አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል፣ አንድ የግዛቲቱ ምክር ቤት ሰው ነበሩ። አምስቱ የአውሮፕላኑ ሠራተኞች። በአንድ ምሽት 70 ልጆች አባት ወይም እናት አጡ፤ 18ቱ ሁለቱንም። ከተማዋ ሐኪም ቤት ስትሄድ ሐኪሙ የለም፤ ሬዲዮ ስትከፍት የለመደችው ድምፅ የለም። በማግስቱ ሕዝቡ በከተማዋ ትልቅ አዳራሽ ለጸሎት ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ቀብር በቀብር ነበሩ፤ በአንድ ቀን ከአንዱ ቀብር ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ብዙ ነበር።

በሕይወት የቀሩም አሉ፤ የእነሱ ነገር ከሞቱት ባልተናነሰ ያሳዝናል። ረዳት አሰልጣኙ ሬድ ዳውሰን ከጨዋታው በኋላ ተጫዋች ለመመልመል በመኪና መንገድ ላይ ነበር፤ ወሬውን የሰማው ከመኪናው ሬዲዮ ነው። እነዚያን ልጆች ከየቤታቸው እየሄደ፣ ወላጆቻቸውን እያሳመነ ያመጣ ሰው ነው። የተከላካይ መስመሩ ኔት ራፊን ተጎድቶ ስለነበር አልተጓዘም። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ በጊዜው ደንብ በዋናው ቡድን መጫወት ስለማይፈቀድላቸው ግቢ ውስጥ ቀርተዋል። እንግዲህ ያስቡት፤ የ18 ዓመት ልጅ ነዎት፤ ዶርም ውስጥ ከእርስዎ በላይ ያሉት ክፍሎች በሙሉ ባዶ ሆነዋል፤ የሟቾቹ እናቶች ልብስና መጽሐፍ ሊሰበስቡ ይመጣሉ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ይጫወቱ ወይስ ይቁም? ይህ ቀላል ክርክር አልነበረም። ፉትቦሉ ይዘጋ፣ ልጆቻችንን የበላ ነገር ነው የሚሉ ነበሩ፤ እነሱን ማን ሊወቅስ ይችላል? ገንዘብም የለም፣ አሰልጣኝም የለም፣ ተጫዋችም የለም። በሌላ ወገን ደግሞ ከቀሩት ተጫዋቾች ራፊንን የመሳሰሉት መጫወት ይፈልጉ ነበር። እኛ አገር ለቅሶ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ድንኳኑ የሚፈርስበት ሰዓት አለ። ማንም ሐዘኑ ስላለቀ አያፈርሰውም። የማርሻል ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ዴድመን ቡድኑ ይቀጥላል ብሎ ወሰነ። ጸሐፊዋ ይህን ስትጽፍ ውሳኔው ትክክል ነበር ብላ ታምናለች፤ ነገር ግን በየዓመቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስታዲየሙ የሚመጣውን ጩኸት ቤቷ ቁጭ ብላ ለመስማት የተገደደች እናት ሌላ ብትል አይፈረድባትም።

አሰልጣኝ ማግኘት ራሱ ፈተና ሆነ። አንዱ ሥራውን ተቀብሎ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ። በመጨረሻ ከአንዲት ትንሽ የኦሃዮ ኮሌጅ ጃክ ሌንግዬል የተባለ ሰው መጣ። ዳውሰንም አንድ ዓመት አግዝሃለሁ ብሎ ቆየ። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ለማርሻል ብቻ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እንዲሰለፉ ልዩ ፈቃድ ሰጠ። ከሌላ ስፖርት የመጡ፣ ፉትቦል ትተው የነበሩ፣ ሁሉም ተጠሩ። ልምድ የሌላቸው ልጆች የሚችሉት አጨዋወት ሲፈለግ ሌንግዬል ሄዶ ያንኳኳው የባላንጣውን በር ነው፤ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ቦቢ ባውደን የጨዋታ ፊልሞቹንና ዕቅዶቹን ከፍቶ አሳየው። ባውደን ከአደጋው በኋላም በተጫዋቾቹ ራስ ቁር ላይ ለማርሻል መታሰቢያ አረንጓዴ መስቀል አስለጥፎ ነበር። ኋላ በአገሪቱ ስመ ጥር ከሆኑት አሰልጣኞች አንዱ ሆነ፤ ለእኛ ግን ከዋንጫዎቹ ይልቅ ያ የተከፈተ በር ይበልጥብናል።

አዲሱ ቡድን «ወጣቱ መንጋ» ተባለ። በሴፕቴምበር 1971 የመጀመሪያ ጨዋታውን ከሜዳው ውጪ አድርጎ 29 ለ6 ተሸነፈ። የሚጠበቅ ነበር።

ሁለተኛው ጨዋታ ሴፕቴምበር 25 ነው፤ እኛ ዘንድ መስከረም 14 ቀን 1964 ዓ.ም.። ከአደጋው ወዲህ በከተማዋ ሜዳ፣ በፌርፊልድ ስታዲየም፣ የተደረገ የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር። ተጋጣሚው ከሲንሲናቲ የመጣው ዜቪየር ዩኒቨርሲቲ ነው። እስከ እረፍት ማርሻል 3 ለ0 መራ። ከእረፍት በኋላ መሪነቱ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ፤ መጨረሻው ላይ ዜቪየር 13 ለ9 እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ቀሩ። አንድ የመጨረሻ ሙከራ ነበር የቀረው።

ኳሱን የያዘው ሬጂ ኦሊቨር ነው። ይህ ልጅ የተስካሉሳ ልጅ ነው። አውሮፕላኑ ላይ ከሞቱት መካከል አራቱ የአገሩ ልጆች፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ እሱ በዚያን ጊዜ አንደኛ ዓመት ስለነበር ነው የተረፈው። ኦሊቨር ወደ አንድ ወገን የሚሮጥ መሰለና ተከላካዮቹን በሙሉ ወደዚያ ሳባቸው። ከዚያ ዞሮ በተቃራኒው በኩል ብቻውን ለነበረው ለቴሪ ጋርድነር አጭር ኳስ ወረወረለት። ጋርድነር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ልዩ ፈቃዱ ባይሰጥ ኖሮ እዚያ ሜዳ ላይ አይገኝም ነበር። 13 ያርድ፣ ወደ 12 ሜትር ገደማ፣ ሮጦ ገባ። ሰዓቱ አልቋል። 15 ለ13።

ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። ብዙ ሰው ከጨዋታው በኋላ ለረጅም ጊዜ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ሣሩ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ታሪኩን የሚያውቁ ሰዎች ስለዚያ ቀን ሲናገሩ ስለ ነጥቡ አያወሩም፤ ስለዚያ መቆም ነው የሚያወሩት።

ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እንዲያውም ፊልም ሆኗል፤ በ2006 ማቲው ማኮናሂ አሰልጣኙን ሆኖ ተውኖበታል። ሆሊውድ እንደ ልማዱ ያሳመረው ነገር አለ፤ ቢሆንም ከመሄድዎ በፊት ከቤተሰብ ጋር ቢያዩት አይጸጸቱም። እውነተኛው የውድድር ዘመን ግን ከዚያ በኋላ ገና ስምንት ጨዋታ ይቀረው ነበር። በአንዱ 66 ለ6 ተሸነፉ። የቀድሞ ተማሪዎች ወደ ግቢ በሚመለሱበት በዓል ቀን ቦውሊንግ ግሪንን 12 ለ10 አሸነፉ። የቀረውን ሁሉ ተሸነፉ። ሁለት ድል፣ ስምንት ሽንፈት። ዳውሰን የገባውን ቃል ጨርሶ አሰልጣኝነቱን ለዘለዓለም ተወ፤ ወደ ግንባታ ሥራ ገባ። ሌንግዬል እስከ 1974 ቆየ፤ በአራት ዓመት ያሸነፈው ዘጠኝ ጨዋታ ነው። ማርሻል ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈበት ዓመት ለማየት ከተማዋ እስከ 1984 ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ጥጋብ መጣ፤ በ1992 እና በ1996 በምድቡ የአገር ሻምፒዮና ዋንጫ አነሳ። በነገራችን ላይ፣ ዜቪየር ዩኒቨርሲቲ ከ1973 የውድድር ዘመን በኋላ ፉትቦሉን ጭራሽ ዘጋው። ሁሉም ይዘጋል ብሎ የጠበቀው ማርሻል ዛሬም አለ።

ከተማዋ ሲደርሱ ፌርፊልድ ስታዲየምን አይፈልጉ፤ በ2004 ፈርሷል። አዲሱ ስታዲየም በ1991 የተከፈተው ሲሆን ከግቢው ጋር የተያያዘ ነው። ውጪው ግድግዳ ላይ ትልቅ የነሐስ መታሰቢያ ያገኛሉ። ከስታዲየሙ ተነስቶ ወደ ኮረብታው የሚወጣው 20ኛው መንገድ የማርሻል መታሰቢያ ጎዳና ተብሎ ተሰይሟል፤ እሱን ተከትለው ይንዱ። ስፕሪንግ ሂል መካነ መቃብር ያደርስዎታል።

እዚህ ልጆችን ከመኪና ከማውረድዎ በፊት ትንሽ ያስረዷቸው። ኮረብታው ላይ ስድስት ተጫዋቾች ጎን ለጎን ተቀብረዋል። ስማቸው ይታወቃል፤ የትኛው አስከሬን የማን እንደሆነ ግን መለየት አልተቻለም። ስለዚህ ቤተሰቦቻቸው ወደየአገራቸው አልወሰዷቸውም፤ ስድስቱም በአንድ ቦታ፣ ግቢውን ቁልቁል በሚያይ ሥፍራ አረፉ። የሟች ልጇን አስከሬን ሳትለይ የቀበረች እናት ምን እንደሚሰማት እዚህ መጻፍ አያስፈልገንም፤ በእኛም አገር ይህን የሚያውቁ ቤቶች አሉ። በጉዳት ምክንያት የቀረው ኔት ራፊን በ2001 በካንሰር ሲሞት እዚሁ፣ ከጓደኞቹ አጠገብ ተቀበረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታሪካቸውን ሲናገር የኖረ ሰው ነበር። አዳዲስ ተጫዋቾች ወደ ቡድኑ ሲገቡ ወደዚህ ኮረብታ ይመጣሉ፤ ሳር ላይ ቆመው እንደ እነሱ የሃያ ዓመት የነበሩ ልጆችን ስም ያነባሉ።

ከኮረብታው ሲወርዱ ወደ ግቢው ይግቡ። ከተማሪዎች ማዕከል ፊት ለፊት ፏፏቴው አለ። የሠራው ጣሊያን ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ቀራጺ ሃሪ ቤርቶያ ነው፤ የተመረቀው በኖቬምበር 1972፣ ሁለተኛው ሙት ዓመት ሲቃረብ ነው። ከፍታው አራት ሜትር፣ ክብደቱ ሦስት ቶን የሚጠጋ የነሐስና የመዳብ ሥራ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ወደ ላይ የሚከፈት አበባ ይመስላል፤ ውሃው በቅጠሎቹ መሃል ይወርዳል። መስቀል የለበትም፣ የተጫዋች ምስል የለበትም፣ ኳስ የለበትም። ይህን መምረጣቸውን ወደድንላቸው።

በየዓመቱ ኖቬምበር 14 ቀን ከተማዋ እዚህ ትሰበሰባለች። የሟቾቹ ስም ይነበባል፣ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ከዚያ ውሃው ይዘጋል። ክረምቱን በሙሉ፣ በበረዶው ወራት፣ ፏፏቴው ጭጭ ብሎ ይቆማል። የሚከፈተው ጸደይ ሲመጣ ነው፤ ቡድኑም የጸደይ ልምምዱን የሚጀምረው ያኔ ነው። እኛ አርባ እናወጣለን፣ ሙት ዓመት እናወጣለን፣ አቅም ያለው እስከ ሰባት ዓመት ይዘክራል፤ ከዚያ ነገሩ ወደ ቤተሰብ ይመለሳል። እነዚህ ሰዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ውሃውን ይዘጋሉ። በ2020፣ በሃምሳኛው ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲው ሳይመረቁ ለሞቱት ተማሪዎቹ ዲግሪ ሰጥቷል።

ስለ ቆይታዎ ጥቂት ነገር እንጨምር። መሃል ከተማው በእግር የሚጨረስ ነው። በ1928 የተከፈተው ኪት አልቢ ቲያትር ውስጡ እጅግ ያማረ ነው፤ ያ ፊልም መጀመሪያ የታየውም እዚያ ነው፤ ዝግጅት ካለ ትኬት ቆርጠው ይግቡ። ሪተር ፓርክ ለልጆች ሰፊ መጫወቻ አለው፤ የጽጌረዳ አትክልቱን በግንቦትና በሰኔ ካገኙት እናቶች አይነሱም። የአካባቢው ምግብ ሆት ዶግ ነው፤ የተፈጨ ሥጋ ያለበት ስጎና የተከተፈ ጥቅል ጎመን ይጨመርበታል። ከምን ሥጋ እንደተሠራ መጠየቅ አያፍሩ፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ደግሞ ምክሩን ለቅዳሜ ያቆዩት። እንጀራ ፍለጋ አይድከሙ፤ ከዲሲ ሲነሱ ድርቆሽ ይያዙ።

ጨዋታ ማየት ከፈለጉ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባለው ቅዳሜ ሜዳው ላይ ጨዋታ መኖሩን አረጋግጠው ይሂዱ። የስታዲየሙ አንድ ወገን «እኛ» ብሎ ይጮሃል፣ ሌላው ወገን «ማርሻል ነን» ብሎ ይመልሳል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ልጆችዎ አብረው ሲጮኹ ያገኟቸዋል።

ለመታሰቢያው ቀን ከሄዱ ግን ትኬት የለም፣ ወንበርም በቂ ላይሆን ይችላል። የኅዳር ብርድ ቀላል አይደለም፤ ወፍራም ኮትና ለልጆች ጓንት ይያዙ። ከኋላ ይቁሙ፤ ከፊት ያሉት ቦታዎች የቤተሰቦቹ ናቸው፤ ያኔ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ አያት ሆነዋል። ስሞቹ አንድ በአንድ ነው የሚነበቡት። ትንንሾቹ መቆም ሊሰለቻቸው ስለሚችል አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ስሞቹ 75 ናቸው።